የሌለ አይባዛም

በእኛ ከተማ ቤት የሚሠራው በንባብ ነው። ይህን ለእንግዳ ሰው ስናገር የማሾፍ ይመስለዋል፤ እኔ ግን የማወራው ያየሁትን ነው። ቤት ማሠራት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ወረቀት ይጽፋል። ከዚያ ግንበኞቹና አናጢዎቹ በየጠዋቱ ቦታው ላይ ተሰብስበው አንባቢ ያነብላቸዋል፤ የተነበበውን ይሠራሉ፣ ያልተነበበውን አይነኩም። አንድ ጊዜ «በር ተዉለት» የሚለው ገጽ ጠፍቶ አምስት ግንበኞች ራሳቸውን ውስጥ አጥረው ውለዋል። ሚስቶቻቸው ምሳ በግድግዳው ላይ ወረወሩላቸው እንጂ ማንም ድንጋዩን አላፈረሰም፤ «አፍርሱ» የሚል አልተነበበማ።

ድሮ ወረቀቱ በጣም ረጅም ነበር። አንድ ክፍል ቤት ለማሠራት ሁለት አህያ ጭነት ወረቀት ያስፈልግ ነበር ይባላል። ሰው እጁ እስኪዝል መጻፍ ሲሰለቸው የከተማችን አዋቂዎች ጥቅልን ፈጠሩ። ጥቅል ማለት ብዙ ትእዛዝ የታጨቀባት አንዲት ቃል ናት። ባለቤቱ «መኝታ ክፍል» ብሎ ይጽፋል፤ ጥቅሏ የምትጠይቀውን አንድ ሁለት ነገር ይሞላል፤ በቃ። የቀረውን ጥቅል ቤት ይጨርስለታል።

ጥቅል ቤት ከገበያው በላይ ያለው ትልቁ ሕንፃ ነው። ውስጡ ክፍል አለ፣ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ክፍል፣ በዚያም ውስጥ ሌላ። በየክፍሉ አንድ ፈቺ ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ ፈቺ የሚያውቀው አንዲት ጥቅል ብቻ ነው። አንባቢው በመስኮት ቃሏን ሲጠራ የመጀመሪያው ፈቺ ደብተሩን ገልጦ ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ እሱ የማያውቃት ሌላ ጥቅል ካለች ከባለቤቱ የመጣውን መረጃ ጨምሮ ወደሚቀጥለው ክፍል ያቀብላል። ያም እንደዚያው ያደርጋል። መጨረሻ ላይ መልሱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ክፍሎቹ ስንት እንደሆኑ የቆጠረ ሰው አልነበረም።

የምነግራችሁ ስለ ሽታዬ ጎንጤ ነው። ሽታዬ በወፍጮ ቤት መዛኝ ናት። በሥራዋ ቀልድ አታውቅም፤ ሚዛኑ ላይ ዝንብ ብታርፍ እስክትነሣ ጠብቃ ነው የምታነበው። ባል አግብታ ፈታለች፣ ልጅ አልወለደችም፣ ከአባቷ ከአቶ ጎንጤ ጋር ትኖራለች። አቶ ጎንጤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በኪራይ ቤት የኖሩ ሰው ናቸው። ሃያ ሦስት ጊዜ ዕቃቸውን ጭነዋል። የቤት ነገር ሲነሣ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት።

በሰባ ስምንት ዓመታቸው የቦታ ዕጣ ወጣላቸው። በወጣላቸው ሰሞን ደግሞ ታመሙ። አከራያቸው ሳል ስለማይወድ ቤቱን እንዲለቁ ጠየቃቸው፤ ሽታዬም ከአዲሱ ቦታ ጥግ ላይ ሸራ ወጥራ አባቷን እዚያ አስተኛቻቸው። ወረቀቷን የጻፈችው እዚያው ሸራ ውስጥ ነው። ክረምት ሊገባ ሃምሳ ቀን ቀርቶት ነበር። በከተማችን ሕግ ጣሪያ ሳይለብስ ዝናብ ያገኘው ግንብ ከነቦታው ለከተማው ይመለሳል። ለሌላ ሰው ዕጣ ይወጣበታል፣ የመጀመሪያውም ባለቤት ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። የሰልፉ መጨረሻ ደግሞ ለሰባ ስምንት ዓመት ሰው የሚሆን ቦታ አይደለም።

ሥራው አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ግድግዳው ቆመ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን የመኝታ ክፍሉን የጣሪያ አግዳሚ ሊቆርጥ ሲል አናጢው ጌጡ መጋዙን እንጨቱ ላይ አሳረፈና ቆመ። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ሌሎቹም አዞሩ። ይህ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ስህተት ሲፈጠር ሠራተኛ ለባለቤቱ ጀርባውን ይሰጣል፣ እንዳይጠየቅ። ሽታዬ በጌጡ ዙሪያ እየተሽከረከረች ፊቱን ለማግኘት ብትሞክር እሱም አብሯት ዞረ። ሁለቱ እንዲህ ሲዞሩ አባቷ ከሸራው ውስጥ ሆነው ሠርግ ያለ መስሏቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የስህተት ጥቅልል መጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስህተቱ መጀመሪያ የታየበት ፈቺ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይጽፋል፤ ከሥሩ ያቀበለው ሰው ስሙንና የደብተሩን መስመር ይጽፋል፤ ከዚያ ለእሱ ያቀበለው፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። የሽታዬ ጥቅልል ሠላሳ አንድ መስመር ነበረው። ከላይ «የሌለ አይባዛም። ሽባባው፣ የመጨረሻው ክፍል፣ መስመር አሥራ ሰባት» ይላል። ከሥሩ «ሽባባውን የጠራው ይመኑ፣ መስመር አራት» ይላል። ይመኑንም የጠራው ሰው አለ፣ ያንንም የጠራው አለ። ሽታዬ አንዱንም አታውቃቸውም። ጎረቤቶቿ ግን እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት መጡ። ሠላሳ አንድ ስም ያለበት ስህተት በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም። አንዱ ጎረቤት የራሱን የዘጠኝ መስመር ጥቅልል በመስታወት አስገብቶ ሳሎኑ ሰቅሎ ነበርና ያን ቀን ትንሽ አዝኖ ገባ።

ሽታዬ የራሷን ወረቀት አውጥታ አነበበች። ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ምንም አላገኘችም። ግራ ገባት። ሰው ስህተቱ ከየት እንደመጣ ካላወቀ ይቅርታ እንኳ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ እሷም ያን ሰሞን ላገኘችው ሁሉ ይቅርታ ትል ነበር።

በጥቅል ቤት አጥር ሥር አብራሪዎች ተቀምጠው ይውላሉ። የስህተት ጥቅልል አንብበው ትርጉሙን የሚናገሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ውስጥ ገብተው አያውቁም። የመጀመሪያው አብራሪ የላይኛውን መስመር በጣቱ እየተከተለ «የሌለ» የምትለው ላይ ቆመ። ቦታዋ ላይ የሌለ ነገር አለ፣ እሱን ፈልጊ አላት። ሽታዬ ተመልሳ ቦታዋን ከጎረቤቶቿ ቦታ ጋር አስተያየች፤ ሁሉም ውሻ አላቸው፣ እሷ የላትም። ውሻ ተውሳ አሰረች። ውሻው ለአምስት ቀን ጌጡ ላይ ጮኸ፤ ጌጡም ጀርባውን ሰጥቶት ቆየ። መጋዙ አልተንቀሳቀሰም።

ሁለተኛው አብራሪ ውሻ ሲባል ሳቀ። የእሱ ምክር ሁሉንም አፍርሳ ከዚያው ወረቀት እንደገና እንድታስጀምር ነበር። አንዳንዴ በሁለተኛው ይሄዳል አላት። ለምን እንደሚሄድ ብትጠይቀው እሱን ማንም አያውቅም አለና ትንሽ ተቆጣ። ሽታዬ አማራጭ አልነበራትም። ያን ያማረ ግድግዳ አስፈረሰች። ግንበኞቹ «አፍርሱ» ሲነበብላቸው በደስታ አፈረሱ፤ «ሥሩ» ሲነበብላቸው በዚያው ደስታ ሠሩ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጌጡ መጋዙን አሳረፈ፣ ቆመ፣ ዞረ። ጥቅልሉ መጣ፤ ሠላሳ አንድ መስመር። ከበፊቱ የተለየው ቀኑ ብቻ ነበር።

አሁን ክረምት ሊገባ አሥር ቀን ቀርቷል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። አቶ ጎንጤ ከሸራው ሥር ሆነው ደመናውን እያዩ አንድም ቀን ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም፤ ሽታዬን ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር። ጎረቤት እየሰማት ጭንቅላቷን ይዛ አለቀሰች። ያን ጊዜ ጌጡ ፊቱን ሳያዞር፣ ለግድግዳው የሚያወራ እየመሰለ ተናገረ።

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው እንጨት ነው። አብራሪዎቹም የሚያውቁት አጥሩን ነው። ይሄን ነገር የሚያገኙት ውስጥ ገብተው ነው።»

ባለቤት ጥቅል ቤት እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ የለም። የሚከለክል ስለሌለ ማንም አልሞከረውም እንጂ። ሽታዬ ነጠላዋን አጥብቃ ገባች።

የመጀመሪያው ፈቺ ሲያያት ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጠፈ። ቀስ ብላ አረጋጋችውና መስመሩን አሳያት። ደብተሩ ትክክል ነበር፣ ያደረገውም ልክ በደብተሩ የተጻፈውን ነው። ከወረቀትሽ የመጣውን እንደመጣ ለሚቀጥለው አቀበልኩ አላት። የሚቀጥለውም እንደዚያው አለ። አንዱ አጥፍቶ ቢገኝ ትጮህበት ነበር፤ ችግሩ ሁሉም ጨዋ ነበሩ። አንዱ እንዳትደክም ብሎ እስከ በሩ ሸኛት። እያንዳንዱ የሰጡትን ሳያጎድል ሳይጨምር አቀብሏል። ክፍሎቹ እየጠበቡ፣ በሮቹ እያጠሩ ሄዱ። መጨረሻ አካባቢ ወደ ይመኑ ክፍል ስትደርስ ጎንበስ ብላ ነበር የገባችው። ይመኑም ደብተሩን አሳያት፤ እሱም ልክ ነው። ከዚያ ወዲያ አንዲት በር ብቻ ቀረች።

ሽባባው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የክንድ መለኪያ እንጨት ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ስሙን ሠላሳ ጊዜ ስታነበው ክፉ ሰው አድርጋው ነበር። ፊቱ ግን የዋህ ነበር፤ ተነሥቶ መቀመጫውን ለቀቀላት።

«ባለቤት ነዎት?» አላት። «ይቅርታ፣ ባለቤት የሚባል ሰው በዓይኔ አይቼ ስለማላውቅ ነው።»

ጥቅልሉን ዘርግታ የላይኛውን መስመር አሳየችው። የእሱ እጅ ጽሑፍ መሆኑን አመነ። ሥራውን ነገራት፤ ደብተሩ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው። ለአንድ ሰው መኝታ አራት ክንድ ይበቃል፤ በክፍሉ ስንት ሰው እንደሚያድር ይነገረዋል፤ አራትን በዚያ ቁጥር አባዝቶ የአግዳሚውን ልክ መልሶ ይልካል።

«የእርስዎ ሲመጣ ግን ቁጥር አልነበረውም» አላት። «ባዶውን ነው እጄ ላይ ያስቀመጡልኝ። አራትን በምን ላባዛው? ደግሜ አየሁት፣ የለም። የሌለ አይባዛም ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ ቦታውም አንድ መስመር ነው።»

«ማነው ቁጥሩን ያጠፋው?»

«እኔ እንጃ። ይመኑ ባዶ ሰጠኝ። ለይመኑም ባዶ ሰጡት።»

«ሠላሳ ሰው ባዶ ነገር ሲቀባበል አንድ እንኳ የተመለከተ የለም?»

ሽባባው ከልቡ አሰበበት። «መመልከት በማንም ደብተር አልተጻፈም» አላት።

 የመኝታ ክፍል ጥቅል ከባለቤቱ የምትጠይቀው ነገር ድንገት ሽታዬን ትዝ አላት። የወረቀቷ አራተኛ መስመር፤ «በክፍሉ ስንት ሰው ያድራል?»

ወረቀቱን በጻፈችበት ሳምንት ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቷት አባትሽ ክረምቱን አይጨርሱትም ብሏት ነበር። በማግስቱ አራተኛው መስመር ላይ ደረሰች። ሁለት ብትል፣ የማይሆን ቁጥር ጽፋ አታውቅም። አንድ ብትል አባቷን በቁማቸው ቀበረቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሁለት እርምጃ አጠገቧ ተኝተው ያስላሉ። ብዕሯን ከወረቀቱ አነሣች። በኋላ እሞላዋለሁ ብላ የጥፍር ያህል ክፍት ቦታ ትታ አለፈች። ሦስት ጊዜ መላልሳ ስታነብም ዓይኗ እዚያ ሲደርስ እየዘለለ አለፈ። ያን ክፍት ቦታ ነው ሠላሳ ሰው በአክብሮት ሲቀባበለው የኖረው።

ሽባባው ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ በሽባባው ደብተር የለም። ተጨንቆ ዙሪያውን አየ፤ ሌላ ነገር ስላልነበረው የክንድ መለኪያውን አንሥቶ እንድትይዘው ሰጣት። ያዘችው። ትንሽ ረድቷት እንደነበር ኋላ ነግራኛለች።

ልትወጣ ስትል አንድ ነገር አስቆማት። የእኔ መስመር ከሆነ ለምን የእኔ ስም ጥቅልሉ ላይ የለም ብላ ጠየቀችው። ሽባባው ገረመው። የመጨረሻዋ መስመር ሁልጊዜ የባለቤቱ ናት፣ የእርስዎ ጥቅልል ሠላሳ ሁለት መስመር ነው መሆን ያለበት አላት። ሽታዬ ቆጠረች። ሠላሳ አንድ ነው። ጥቅልሉ ከመላኩ በፊት የሚያልፈው በማን በኩል እንደሆነ ጠይቃ ወደ ከርካሚው ክፍል ሄደች።

ከርካሚው አቶ ሞላልኝ ይባላል። ጠረጴዛው ላይ መቀስና ፖስታ አለ። ፖስታው የሚይዘው ሠላሳ አንድ መስመር ነው፤ ከዚያ የረዘመ ጥቅልል ሲመጣ ከሥር ይከረክመዋል። አጠር ያለም ሲሆን እጁ ስለለመደ የታችኛዋን መስመር ይቆርጣታል። ለምን ከሥር እንደሚቆርጥ ስትጠይቀው በትሕትና አስረዳት። ከሥር ያለው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤት ደግሞ ራሱን ያውቃል፤ ያወቀውን ነገር መልሶ መንገር ሰውየውን መናቅ ይሆናል። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቅርጫት በተቆረጡ መስመሮች ሞልቶ ነበር። ሽታዬ ተንበርክካ ስትበረብር አገኘቻት፤ «ከሽታዬ ጎንጤ ወረቀት፣ መስመር አራት» ትላለች። ከሁለተኛው ጥቅልል የተቆረጠችውም እዚያው ነበረች።

ተናደደች። የፈረሰው ግድግዳ፣ ውሻው፣ የባከነው አንድ ወር ሁሉ የሁለት ጣት ስፋት ባላት ቁራጭ ወረቀት ነበር። ግን አቶ ሞላልኝን አየችው፤ እሱም የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ በመጮኽ ፈንታ ለመነችው። የመጀመሪያዋን መስመር ተዋት፣ የመጨረሻዋን ተዋት፣ የመሐሉን እንዳሻህ ከርክም አለችው። አቶ ሞላልኝ ብዙ ካሰበ በኋላ ሁለት መስመር ብቻ ከቀረ ትንሽ ፖስታ እንደሚበቃ አሰላ። ትንሽ ፖስታ በመጋዘን ሞልቷል፣ የሚፈልገው ጠፍቶ እንጂ።

«በእኔ በኩል ፖስታው እስከተዘጋ ድረስ ግድ የለኝም» አላት።

በከተማችን በስድሳ ዓመት ውስጥ የተደረገው ትልቁ ማሻሻያ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ስህተቱን እያገኘ ቤቱን ጨርሷል። አብራሪዎቹ ግን እስከ ዛሬ ቅር እንዳላቸው ነው።

ሽታዬ ወደ ሸራው ተመለሰች። አባቷ ነቅተው ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቋት።

«ጥፋቱ ተገኘ?»

«ተገኘ፣ አባዬ።»

«የማን ሆነ?»

«የእኔ» አለቻቸው። «ስንት ሰው ያድራል የሚለውን ሳልሞላው ነው።»

 ሐኪሙ ወደ ጎን የጠራት ቀን አቶ ጎንጤም ጆሮ ነበራቸው። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት።

«እሱ ምን ያስቸግራል? ስንት ነን?»

«ሁለት» አለች ሽታዬ።

«እንግዲያው ሁለት በያ።»

ሁለት ብላ ጻፈች። በማግስቱ ወረቀቱ ሲነበብ ጌጡ ፊቱን ወደ እሷ አዞረና በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት አደሩ አላት። የአግዳሚው ልክ ስምንት ክንድ ሆኖ ከጥቅል ቤት ወጣ። በስድስተኛው ቀን ጣሪያው ለበሰ፣ በስምንተኛው ዝናቡ ጣለ። አቶ ጎንጤ አልጋቸው ላይ ሆነው ዝናቡ ከላይ ሲወርድ ሰሙት፤ መዶሻ አስመጥተው ግድግዳው ላይ ሚስማር መቱ። ሚስማሩ ተጣመመ። አልነቅለውም፣ እንደተጣመመ ይኑር አሉ፤ ያን ቀን ደስታቸው ልክ አልነበረውም። በዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖሩ። በሃያኛው ቀን ጠዋት ሽታዬ ቁርስ ይዛ ስትገባ ዐርፈው አገኘቻቸው።

ክረምት በገባ በወሩ የከተማው ተመልካች በየቤቱ እየዞረ የተሠራው ከተጻፈው ጋር መስማማቱን ያያል። ሽታዬም ቤት መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን በር ላይ አውልቆ ውኃውን አራገፈ፣ ነፍስ ይማር አለ፣ አግዳሚውን በክንድ ለካ፣ መኝታ ክፍሉን አየ፣ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ፖስታ መጣች። ሁለት መስመር ነበራት።

«ሁለት ተብሏል፤ አንድ ሰው ተገኝቷል።
ከሽታዬ ጎንጤ ወረቀት፣ መስመር አራት።»

ሽታዬ አንድ ጊዜ አነበበችው። ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

መስመሩን እንድታርም ሰባት ቀን ተሰጥቷት ነበር። አላረመችም። ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ፤ በየወሩ ያቺው ፖስታ ትመጣለች፣ እሷም ፈርማ ትቀበላለች። ወረቀቷ ላይ ዛሬም ሁለት ነው የሚለው።